የፒክአፕ ላይ ተነቃይ ቤት እንዴት ይታሰር?

ከደብረ ማርቆስ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። እንግዶችን ወደ ጮቄና ወደ ጢስ ዓባይ ይዤ ስለምወጣ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) እና ከላሜራ የተሠራች፣ አልጋና ምድጃ ያላት ተነቃይ ቤት አሠርቼ ካሶኒው (የኋላ ጭነት መጫኛው) ላይ ጫንኩ። ባዶዋን 420 ኪሎ ትመዝናለች። የካሶኒውን ወለል አስበስቼ በአራት ብሎን አሳሰርኳት፤ በገመድም ከስፖንዳው (ከካሶኒው የጎን ግድግዳ) መንጠቆዎች ጋር ወጠርኳት። በቀደም ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ አህዮች መንገድ ገቡብኝና ፍሬን ስይዝ ቤቷ ወደ ፊት ተንሸራታ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሰነጠቀችው። ወርጄ ሳይ ሁለቱ ብሎኖች ላሜራውን ቀደውታል። ጓደኞቼ ‹ከሻንሲው ጋር አስበይዳትና ተገላገል› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ እንኳን አተረፋችሁ። የመስታወቱ ነገር ቀላል ነው። ያ የሆነው ከኋላ ወንበር ሰው ተቀምጦ፣ መንገዱም ጠመዝማዛው ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ብየዳውን ከሐሳብህ አውጣው። ሻንሲ፣ ማለትም መኪናው የቆመበት የብረት አጥንት፣ ሲበየድ እሳቱ ያረፈበት ዙሪያ ጠባዩ ይለወጣል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያው ነው። ደግሞ ሻንሲና ካሶኒ አንድ አካል አይደሉም። የጮቄን ጎርበጥባጣ መንገድ ስትወጣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ካሶኒው በራሱ መንገድ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን በብየዳ አንድ ካደረግካቸው የሚሰነጠቀው ወይ ቤቷ ነው ወይ ሻንሲው።

የብሎኑን ነገር እኔም በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የዕቃ ሣጥን ልክ እንዳንተ በወለሉ አሰርኩለት፤ ትልልቅ ሮንዴላም አደረግሁበት፣ ይበቃል ብዬ። በወራት ውስጥ ተመለሰ። ከመኪናው ሥር ገብቼ በባትሪ ሳበራ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንደ ዕንቁላል ሞላላ ሆኗል፤ ቀለሙ ተልጦ ዝገት ይዞታል፣ የላሜራው ጠርዝ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተርትሯል። ብሎኑ ግን አንድም ነገር አልሆነም። የካሶኒ ወለል ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል ላሜራ ነው፤ ጭነት ከላይ ለመሸከም እንጂ ጭነት ይዞ ለመጎተት አልተሠራም። የስፖንዳው መንጠቆም ሸራ ማሰሪያ ነው። ገመድ ደግሞ ሲሳብ ይለጠጣል፣ እያደርም ይላላል።

አንተ ላይ የደረሰውን በቁጥር ላሳይህ። ጭነት በሚታሰርበት ሥርዓት ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ ግማሹን እንዲችል ይጠበቃል። ለ420 ኪሎ ቤት ወደ ፊት የሚገፋው 336 ኪሎ ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ይጨመርበታል፤ ከመቶ አሥር የሚያዘቀዝቅ መንገድ ብቻውን ሌላ 42 ኪሎ ያህል ወደ ፊት ይገፋል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ይህን ሁሉ የያዘልህ አንድ ቀጭን ላሜራና ገመድ ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ከዚህ ጀምር፦ ከማሰርህ በፊት መሄጃ አሳጣት። ካሶኒው የፕላስቲክ ልባስ ካለው አውጣው፤ ያንሸራትታል። በምትኩ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ ወለሉን ሙሉ አልብስ። ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ፣ በተለይ ጭቃና ውሃ ከነካው፣ ቤቷ በበረዶ ላይ እንዳለች ነው፤ ጎማ ላይ ግን ራሷ ትነክሳለች። ከዚያ በቤቷና በካሶኒው የፊት ግድግዳ መካከል የካሶኒውን ወርድ ሙሉ የሚይዝ ወፍራም የእንጨት አጣና ወለሉ ላይ አጋድም። ከፍ አታድርገው፤ ጠንካራው ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። በግራና በቀኝም ከመኪናው ጎማዎች በላይ ያሉት ጉብታዎች ጋ ያለውን ክፍተት ላስቲክ በለበሰ እንጨት ሙላው። ቤቷ ጋቢናውን ፈጽሞ አትንካ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር።

አሁን ማሰሩ። አራት ማሰሪያ፣ አራቱም ሻንሲውን የያዙ። ከ6 ሚሊ ሜትር ብረት ሻንሲውን ዙሪያውን የሚያቅፍና በብሎን የሚጠብቅ ክንድ አሠራ፤ ከካሶኒው ጎን ትንሽ ወጣ ብሎ ይታይ። ብሎኑ 12 ሚሊ፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት፣ ዳዶውም ውስጡ ላስቲክ ያለበት ይሁን። ቁጥር የሌለው ብሎን አትቀበል። ከፋብሪካ የመጣ ቀዳዳ በሻንሲው ጎን ካገኘህ ተጠቀምበት፤ የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ግን ማንም እንዳይበሳብህ። ባለሙያው ማቀፊያውን ሲያጠብቅ አንተ አጠገቡ ቁም፤ የፍሬን ቱቦና ሽቦ በሻንሲው ጎን ስለሚያልፍ ማቀፊያው ሥር እንዳይቆነጠጥ። በቤቷም በኩል መያዣ ቀለበቶቹ ከስፖንዳው በላይ በሚወጣው ትከሻዋ፣ ቱቦላሬው ላይ ይበየዱ፤ ላሜራው ላይ የተበየደ ቀለበት ላሜራውን ይዞ ይመጣል።

በቀለበቱና በክንዱ መካከል የሚገባው መሐሉን ሲያዞሩት የሚያጥረው የብረት መወጠሪያ ነው። ብዙዎች ቀጥ አድርገው ወደ ታች ያስሩታል፤ እንዲህ ከታሰረ ቤቷ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትንሸራተት በደንብ አይይዛትም። የፊቶቹ ሁለቱ ወደ ታችና ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዘንብሉ። ወደ ዓባይ ስትወርድ ፍሬን ስትይዝ የሚይዙልህ የኋላዎቹ ናቸው፤ ወደ ጮቄ ስትወጣ ደግሞ ቤቷ በኋላ እንዳትሾልክ የሚያስቀሯት የፊቶቹ ናቸው።

አጠባበቁ ላይ እጅህን ቆጥብ። በእጅህ እስኪበቃህ አዙረው፣ ከዚያ በቁልፍ አንድ ወይም ሁለት ዙር ጨምር። ከልክ በላይ ከወጠርከው መኪናው ሲጠማዘዝ የቤቷን ማዕዘን ይነቅላል። ስታበቃ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን መቆለፊያ ዳዶዎች አጥብቅና መሐሉን በሽቦ እሰረው፤ ንዝረት ብቻውን ይፈታዋል።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ፤ ክብደቷ የት ላይ ነው ያረፈው? ቤቷን ከካሶኒው አውርዳችሁ አንድ ወፍራም ቱቦ ከሥሯ አግድሙና ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሳችሁ ሚዛን የምትጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ። በሁለቱም ጫፍ ከሥሯ እንጨት ደግፉ፣ እጃችሁንም አርቁ። ያንን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ስትጫን ያ ምልክት ከኋላው አክሰል ፊት መዋል አለበት። ከኋላ ከዋለ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል፤ ይህን የትኛውም ማሰሪያ አያስተካክለውም። ውሃ መያዣውን ወደ ፊትና ወደ ታች አድርገው። ሊብሬህ ላይ ያለውን የጭነት ልክም ተመልከት፤ ሰውም ጭነት ነው። አምስት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢሆን 350፣ ቤቷ 420፣ ውሃ 60 ሊትር፤ 830 ኪሎ ደረስክ፣ ምግቡና ሻንጣው ገና ነው።

የጋዝ ሲሊንደሩን ስትጓዝ ዝጋው። የጮቄ ብርድ ጠንቶባችሁ ከሰል ውስጥ አስገብታችሁ እንዳትተኙ አደራ፤ የተዘጋች ቤት ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል።

ሁሉም ሲያልቅ ከቤቷ ታችኛው ጠርዝ ወደ ካሶኒው የሚያልፍ መስመር በጠመኔ ስመርበት፣ በግራም በቀኝም። ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄደህ ጠንከር አድርገህ ፍሬን ያዝና ውረድና መስመሩን እይ። ከዚያ ወደ ዓባይ ስትጓዝ ሉማሜ ላይ መወጠሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጅህ ነካካ፤ ደጀን ላይ ድገመው፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስም እንዲሁ። የጠመኔው መስመር ደጀን ላይ አንድ ጣት ያህል እንኳ ከተለያየ እንግዶችህን አውርድና እዚያው አስተካክል፤ እስኪስተካከል ድረስ ቁልቁለቱን አትጀምር።