ባለቤቴ ስለ ቫምፓየር እያነበበች ኬክ ትጋግራለች

ጥያቄ፦ የ39 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ 33 ዓመቷ ነው፤ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከዓመት ወዲህ የማላውቃት ሴት ሆናብኛለች። ልጆቹ ሲተኙ ስልኳን ይዛ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ለጎረምሳና ለኮረዳ የተዘጋጁ ልቦለዶች ታነባለች። ታሪኩ ሁሉ ደም የሚመጥ ቫምፓየር፣ ጠንቋይ፣ ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ የሚሆን ወጣት ነው። አንዳንዴ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ትቆያለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኬክና ዳቦ መሞከር ነው። እንቁላልና የገበታ ቅቤ ምን ያህል እንደተወደደ ያውቁታል፤ የመብራት ካርዱም ቶሎ ያልቃል። እናቴ «ይሄ ነገር መንፈስ ነው፣ ጠበል ውሰዳት» ትለኛለች። በቅርቡ እንግዶች መጥተው ኬኳን ስታቀርብ፣ ለቀልድ ያህል «የእኛ ቤት ኬክ መሐሉ ገደል ነው፣ ተጠንቀቁ» ብዬ አሳቅኳቸው። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን የምትጋግረውን ለግቢው ጥበቃዎችና ለጎረቤት ታድላለች እንጂ ለእኔ አታቀርብም። እኔ ኳስ ከማየት ሌላ ሱስ የለብኝም፤ አልጠጣም። የእሷ ነገር ሱስ ይሆን? ወይስ ትዳራችን ሰልችቷት ነው? እንዴት ላስተዋት?

እ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እ.፣

በአጭሩ ከሚመለሰው ልጀምር። ሱስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር፣ ከአደንዛዥ ነገሮች ውጪ በሱስነት ተለይተው የሰፈሩት ቁማርና የቪዲዮ ጨዋታ ናቸው፤ ልቦለድ ማንበብና ኬክ መጋገር የሉበትም። እነዚያም ቢሆኑ ሱስ የሚባሉት ሰውየው ማቆም ሲያቅተው፣ ሥራውና ቤቱ ሲጎዳ፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ሴት ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጆቿን ታስተኛለች፣ ከዚያ ታነባለች። ድብርትም አይመስልም። ድብርት የያዘው ሰው ድሮ ይወደው የነበረው ሁሉ ጣዕም ያጣበታል እንጂ አዲስ ነገር ልሞክር ብሎ ቅዳሜን አይናፍቅም።

ትዳሩ ሰልችቷት እንደሆነ ግን ልነግርዎ አልችልም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ እሷን አላነጋገርኳትም። የገረመኝ እርስዎም ያነጋገሯት አለመምሰልዎ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ እናትዎ ተናግረዋል፣ እርስዎ ቀልደዋል፣ እንግዶች ስቀዋል፤ ከእሷ አፍ የወጣ አንድ ቃል ግን አላገኘሁም።

ለጎረምሳና ለኮረዳ የተዘጋጀ ያሉትን በተመለከተ፣ ገበያው ሌላ ነገር ይናገራል። ባውከር የተባለው የመጽሐፍ ገበያ አጥኚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ዳሰሳ፣ ለአፍላ ወጣቶች ተብለው የሚታተሙ መጻሕፍትን ከሚገዙት 55 በመቶው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኝተዋል፤ ትልቁን ድርሻ የያዙትም ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉት ናቸው። ለልጆቻቸው ገዝተው ይሆናል እንዳይሉ፣ አብዛኞቹ የምንገዛው ለራሳችን ነው ብለዋል። እንግዲህ ባለቤትዎ ብቻዋን አይደለችም።

ምን አግኝታበት ነው? የእነዚህ ታሪኮች አጥንት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ማንም ልብ የማይላት ልጅ አለች። ሦስት መቶ ዓመት የኖረ፣ ሁሉን ያየና ሁሉ የሰለቸው ፍጡር ይመጣና ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እሷን ያያል። የምትለውን ያዳምጣል፣ ዝም ስትልም ምን እንደሆነች ይገባዋል። ሊጎዳት እንደሚችል ስለሚያውቅ ራሱን ይገዛል። በመጨረሻ ከባድ ምርጫ ይመጣል፤ የምትመርጠውም እሷው ናት። የ17 ዓመቷ አንባቢ ይህን የምታነበው ገና ላልደረሰችበት ሕይወት ነው። የ33 ዓመቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትጠራ የዋለች ሴት ናት። አለቃ ሪፖርት ይጠይቃታል፣ ልጅ ውኃ ይጠይቃታል፣ ባል «ካልሲዬን አየሽው?» ይላታል። ቫምፓየር ካልሲ አይጠፋበትም። ይህን ስል ሌላ ወንድ ተመኘች ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ አንባቢዎች የሚወዱት ከወንዱ ይልቅ በሰው ልብ የመባልን ስሜት ይመስለኛል።

ፍርሃቱም የራሱ ደስታ አለው። ፖል ሮዚን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰው የሚያቃጥል በርበሬ ለምን እንደሚወድ ሲያጠና፣ አካል «አደጋ!» እያለ አእምሮ ግን ምንም እንደሌለ ሲያውቅ ደስታ እንደሚፈጠር ጽፏል። ሚጥሚጣ ለሚበላ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያሻም።

የእናትዎን ስጋት አልንቀውም፤ ከእምነታቸው የመጣ ነው። ሆኖም እርስዎም ሲያድጉ የጭራቅ ተረት ሰምተው፣ ቀን ሰው ሆኖ ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ቡዳም ሳይነገርዎ አልቀረም። ያኔ ጠበል የወሰደዎ አለ? ልዩነቱ እኛ ቡዳን እውነት ነው ብለን ማመናችን ነው፤ በዚያ እምነት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ቡዳ ብለን ከማዕዳችን አርቀን ኖረናል። ባለቤትዎ የተኩላውን ወጣት ታሪክ ስታነብ ተኩላ የሚሆን ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ እያወቀች ነው የምትጫወተው። በእኔ ሙያ የሚያሳስበው በታሪኩና በእውኑ መሐል ያለው ድንበር ሲጠፋ ነው፦ ሌላው የማይሰማው ድምፅ መስማት፣ ይከታተሉኛል ብሎ መፍራት፣ ሳይተኙ ሰንብቶ አለመድከም። እንዲህ ያለ ነገር አልጻፉልኝም።

ይልቅ ወደ ኬኩ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ኬኩ መሐሉ የሚሰምጠው ባለሙያ ስላልሆነች ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው፤ ውኃ እንኳ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በስልክ የሚገኙት የኬክ አሠራሮች ብዙዎቹ ቆላ ላይ፣ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተለኩ ናቸው። ያንን ልክ እዚህ ሲከተሉት ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋል፤ ኬኩ ሳይጸና ቶሎ ይነሣል፣ ደግፎ የሚይዘው ሳይኖር ተመልሶ ይወድቃል። ኦቨኑ ሲከፈት ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ጎድጓዳ፣ ሲነኩት እርጥብ። መላው ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል መቀነስ፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማጉደል፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ ሙቀቱንም ወደ 10 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ነው። (ይህ የምግብ ዓምድ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ኬኩ በሐሰት ተከስሶ እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።)

አሁን የእሷን ሳምንት ያስቡት። ሒሳብ ክፍል ውስጥ አንዲት ቁጥር ብትስት ተጠያቂ ናት። ቤት ውስጥ ወጡ ቢጨው ወሬ ነው። ቅዳሜ ግን ዱቄት ትመዝናለች፣ እንቁላል ትመታለች፣ ኬኩ ይወድቃል፣ ሰማይ ግን አይወድቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ልክ ትሞክራለች። በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት 658 ወጣቶችን ለ13 ቀናት በየዕለቱ ስለ ውሏቸው እያስጻፈ ተከታትሎ ነበር። በአንድ ቀን በእጃቸው ወይም በሐሳባቸው አንድ ነገር ሲፈጥሩ የዋሉት፣ በማግስቱ የበለጠ ጉልበትና መነቃቃት እንደተሰማቸው ገልጸዋል። ባለቤትዎ ይህን ያለ አጥኚ ራሷ የደረሰችበት ይመስላል።

እርስዎ እንግዳ ፊት «ገደል» ያሉት ያንን ነው። ሳቀች ብለው ጽፈዋል። ምን ታድርግ? እንግዳ ተቀምጦ፣ ሰሃኑ በእጇ እያለ፣ የቤቷን ገመና ላለማውጣት ከመሳቅ ሌላ ምን መንገድ ነበራት? ከዚያ በኋላም አላኮረፈችም፣ አልተጨቃጨቀችም፣ መጋገሯንም አልተወችም። የሠራችውን ለማይስቅባት ሰው መስጠት ጀመረች። ደብዳቤዎን ሳነብ ከቫምፓየሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ጥበቃው ኬኩን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ይላታል፤ ገደል መሆኑን የሚነግራት የለም።

ጆን ጎትማን የተባለው የትዳር ተመራማሪ ባልና ሚስት በቀን ውስጥ የሚለዋወጧቸውን ትንንሽ ጥሪዎች ለዓመታት አጥንቷል። «ይሄን እየው»፣ «ቅመስልኝ»፣ «ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ታውቃለህ?» የመሳሰሉትን ማለቱ ነው። አዲስ ተጋቢዎችን ተከታትሎ ከ6 ዓመት በኋላ ሲመለከት፣ በትዳራቸው የጸኑት ከ100 ጥሪ 86ቱን ይመልሱ የነበሩት ናቸው፤ የተፋቱት የመለሱት 33ቱን ብቻ ነበር። ኬክ ቆርሶ በሰሃን ማቅረብ ጥሪ ነው። ባለቤትዎ መጥራት ያቆመችው እርስዎን ብቻ ነው፤ ጎረቤት አሁንም ይጠራል። ይህ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ጨርሶ ተስፋ የቆረጠች ሴት ኦቨኑንም አትከፍትም ነበር።

የእርስዎም ቅሬታ መሠረት አለው። ማታ ማታ አጠገብዎ ያለ ሰው ስልክ ውስጥ ገብቶ ሲያድር ብቸኝነት ይሰማል፤ እንቅልፏም ቢጎድል ይዋል ይደር እንጂ ያደክማታል። ወጪውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኳስ ከማየት ሌላ ሱስ የለብኝም ብለዋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወተውም በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ነው። እርስዎ ጨዋታው ፊት፣ እሷ ኦቨኑ ፊት። ያደገ ሰው በሌላ አገር ክለብ ሽንፈት ሲያዝን ማንም መንፈስ ነው አይለውም፤ እኔም አልልም።

«እንዴት ላስተዋት» ለሚለው መልስ የለኝም፤ እንዲያስተዋትም አልፈልግም። መጀመሪያ ስለዚያ ቀን ይናገሩ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ገና ስልኳን ሳታነሣ «እንግዶቹ ፊት ኬክሽ ላይ የቀለድኩት ልክ አልነበረም፤ አሳፍሬሻለሁ» ይበሏት። እዚያው ላይ ያቁሙ። «ግን አንቺም» የሚል ተከታይ ካለው ይቅርታው ተሰርዟል። ዝም ብትልዎት ዝም ይበሉ። «ምንም አይደለም» ብትልዎት አይመኗት። «እንግዲያው ለእኔም ጋግሪልኝ» ማለትም ገና ነው፤ የራሷ የሆነውን ነገር ወዲያው ከቤት ሥራዋ ጋር ይደምርባታል።

ስለ መጽሐፉ ይጠይቋት፣ ግን እንደ መርማሪ አይሁን። «አሁንም እሱን ነው?» እና «ምን ላይ ደረሰ?» በሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚነገሩ ጥያቄዎች ናቸው። ታሪኩን መውደድ አይጠበቅብዎትም፤ ወደድኩ ብለው ቢያስመስሉ በአንድ ምሽት ትደርስብዎታለች። «እኔ አይገባኝም፤ አንቺን ምኑ እንደሚይዝሽ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» ቢሏት እውነት ነው፤ ይበቃልም።

ገንዘቡን ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ለመጋገሪያ በወር ይህን ያህል ተብሎ ይቆረጥ፤ በዚያው ወረቀት ላይ የእርስዎ የዲሽ ክፍያ፣ ወይም ኳስ የሚያዩበት ቤት ሒሳብ ይስፈር። ማታውንም እንዲሁ። በሳምንት አንድ ሁለት ምሽት ለሁለታችን ይሁን ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ሰባቱንም መጠየቅ ግን አይሆንም። ጾም ሲገባ ደግሞ የእንቁላልና የቅቤው ወጪ ራሱ ይቀራል። የጾም ኬክ በዘይት፣ በቤኪንግ ሶዳና በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ይሠራል። ሶዳና ኮምጣጤው እንደተገናኙ አረፋ መልቀቅ ስለሚጀምሩ ሊጡ ሳይዘገይ ኦቨን መግባት አለበት፤ አንድ ሰው ሲያማስል ሌላው ትሪውን ቀብቶ፣ ኦቨኑን አሙቆ ቢጠብቅ ይመረጣል። ከጋበዘችዎ ትሪውን ይያዙ። ካልጋበዘችዎ ሳሎን ይቀመጡ።

እናትዎን ማነጋገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ሚስትዎ አማቷ ፊት ቀርባ ጤነኛ ነኝ ብላ መከራከር የለባትም። «እማዬ፣ ደህና ናት፤ ተረት ነው የምታነበው» ይበቃል፤ ክርክር ውስጥ አይግቡ። ጠበል ራሷ ከፈለገች ትሄዳለች። ተይዛ ከተወሰደች ግን ቅጣት ይሆንባታል። ቤት ውስጥ እንደ ታማሚ ተቆጥራ ሲመከርባት እንደከረመ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ደግሞ (በኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሳትሰማ አትቀርም) ከኬኩ ቀልድ የከፋ ነገር ይጠብቅዎታል፤ ስለዚህ እናትዎ ጋ ዛሬ ይደውሉ።