መቀሱ ዝናብን ይጠብቅ
የአንባቢያን የአትክልት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው፤ በዚህ እትም ከሐረርና ከድሬዳዋ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ግቢዬ ውስጥ ረጃጅም ሐምራዊ የአበባ ዘለላ የሚያወጣ ቡድሊያ አለኝ፤ ከተተከለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በፊት ቢራቢሮ ይወረው ነበር። አሁን ግን ቁመቱ አጥሩን አልፎ 4 ሜትር ደርሷል። አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ከታች ራቁቱን የቀረ እንጨት ነው የሚታየው። አንዱ «ከሥሩ ጎንድለው» ይለኛል፣ ሌላው «ከነካኸው ይደርቃል»። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ደግሞ «ማርች ላይ ቁረጥ» ይላል። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ወሩን ለጊዜው እንተወውና ተክሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ እንይ። ቡድሊያ የሚያብበው በዚያው ዓመት ባወጣው ቀምበጥ ጫፍ ላይ ነው። ካልተገረዘ አዲሱ ቀምበጥ ከአምናው ጫፍ ይነሳል፣ የዘንድሮው ከዚያ በላይ፣ የከርሞው ደግሞ ከዚያም በላይ። አበባው በየዓመቱ ወደ ሰማይ ይሸሻል፣ ሥር ሥሩ እንጨት ይሆናል። የሐረር ሰው ይህን ከጫት ያውቀዋል፦ ተቆርጦ ውሃ ያገኘ ጫት ለምለም ቀምበጥ ያወጣል፤ ሳይቆረጥ የከረመ ወደ ዛፍነት ይሄዳል። ስለዚህ «አትንካው» የሚለውን ምክር ይተዉት።

«ማርች» የሚለው ምክር የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። እዚያ የሚጠብቁት ከባዱ ውርጭ እንዲያልፍ ነው፤ ቀድሞ የተቆረጠ ተክል ያወጣውን ቀምበጥ ውርጭ ያቃጥልበታልና። ሐረር ላይ ቀምበጥ የሚገድለው የበጋው ድርቀት ነው። የእኛም ትክክለኛ ጊዜ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ የበልጉ ዝናብ ሲቃረብ ስለሆነ ወሩ ይገጥማል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በልግ የዘገየ ዓመት ነው። ቀን ቆጥሮ የቆረጠ ተክሉን ለፀሐይ ይሰጣል፣ ዝናቡን የጠበቀ ግን አይጎዳም። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያገኙ ከሆነ ዝናቡን ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ።

መሣሪያው ቀላል ነው። እስከ አውራ ጣት ለሚወፍር ቅርንጫፍ የተሳለ የአትክልት መቀስ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የእጅ መጋዝ ይበቃል። ሁለቱንም በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ። ከሌለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ይንከሩና ወዲያው አለቅልቀው ያድርቁ፤ በረኪና ብረት ይበላል።

ሥራው በደረቀው ይጀመራል። ቅርንጫፉን በጥፍርዎ በትንሹ ይፋቁት፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። የሞተውን እስከ መነሻው ያውጡት። ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ከእርሳስ የቀጠነውን ያስወግዱ፤ ቀጭን ቅርንጫፍ የሚሸከመው አበባም ቀጭን ነው። አሁን ከቀሩት መካከል በዙሪያው ተራርቀው የቆሙ ከአምስት እስከ ሰባት ጠንካራ ግንዶች ይምረጡ። ለሚቀጥሉት ዓመታት የቁጥቋጦው አፅም የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

መጎንደሉ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ቡና የሚጎነድል ሰው ቡድሊያንም በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ ሊጎነድለው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያገግማል። ነገር ግን ስድስት ዓመት ያልተነካ ግንድ ታችኛው ክፍሉ ላይ የሚታይ ዐይን፣ ማለትም ቀምበጥ የሚፈልቅበት ነጥብ፣ ላይኖረው ይችላል። ሁሉንም በአንዴ ከቆረጡትና ጉቶው ካላቆጠቆጠ የቀረ ቅጠል ስለሌለ ሥሩን የሚመግብ አይኖርም። በሦስት ዓመት ይከፋፍሉት፦ ዘንድሮ ከግንዶቹ ሲሶውን ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡ፣ የቀረውን ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ ቁመቱን በግማሽ ያሳጥሩ። ከርሞ ሁለተኛውን ሲሶ፣ በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻውን። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የአምናውን ቀምበጥ ከአፅሙ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ዐይን አስቀርቶ መቁረጥ ብቻ ነው የሚኖረው።

የአቆራረጡ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የጽጌረዳ ዐይኖች እየተፈራረቁ ስለሚወጡ ሸርተት አድርገን እንቆርጣለን። የቡድሊያ ዐይኖች ግን ፊት ለፊት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚቀመጡት። ሸርተት ካደረጉት አንደኛው ዐይን ይጎዳል። ከጥንዱ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ትተው ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ከዚያ በላይ የቀረ ጉጥ ወደ ታች እየደረቀ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ካነሰ ዐይኑ ራሱ ይደርቃል። ቁስሉን ቀለም ወይም ጭቃ አይቀቡት፤ እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ከተቆረጠ በኋላ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አንድ ባልዲ በዙሪያው በትነው ከላይ ካለው አፈር ጋር ያደባልቁት። ዝናብ ከሌለ በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ውሃ ያጠጡ። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ያልብሱት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያህል ያርቁት። ዩሪያ ግን አይጨምሩ፤ ቅጠሉ ይፋፋል፣ አበባው ይቀንሳል። ቀምበጡ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከየጉቶው የጠነከሩትን ሁለት ሦስት ትተው ሌላውን በአውራ ጣትዎ ገፋ እያደረጉ ያስወግዱ።

አበባው ሲመጣም ሥራው አያልቅም። ዘለላው ሁለት ሦስተኛው ሲጠወልግ ከሥሩ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ የቅጠል ጥንድ በላይ ይቁረጡት፤ ከጥንዱ ብብት ሁለት አዳዲስ ዘለላዎች ይወጣሉ። ይህን አጥብቀን የምንመክረው ለአበባው ብለን ብቻ አይደለም። ቡድሊያ የቻይና ተክል ነው። አንድ ዘለላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ነፋስ የሚወስደው ደቃቅ ዘር ይይዛል። እንግሊዝ አገር በባቡር ሐዲድ ዳርና በግንብ ስንጥቅ እየበቀለ አስቸጋሪ ተክል ሆኗል። እንደ ጁገል ያለ የድንጋይ ግንብ ባላት ከተማ ዘሩ ሳይበስል ቆርጦ ማስወገድ ግዴታችን ነው። ገና ለመትከል ያሰባችሁ ደግሞ የአገራችንን የቡድሊያ ዝርያ፣ አንፋርን አስቡት፤ አበባው ብርቱካንማ ቢጫ ነው፣ ንብም በጣም ይወደዋል።

ጥያቄ፦ እኔም ሐረር ነኝ። በኅዳር ሰው ቀጥሬ ቡድሊያዬን እስከ ጉልበት አስቆረጥኩት። ትንሽ ካቆጠቆጠ በኋላ ቀምበጡ ጠቁሮ ቀረ። ልንቀለው?

መልስ፦ አይንቀሉት፣ ገና ነው። በኅዳር አፈሩ ውስጥ የቀረችው የክረምት እርጥበት ቀምበጥ ለማስጀመር በቃች፣ ለማሳደግ አልበቃችም። በዚያ ላይ ቅጠል ሲያጠላለት የኖረ ቅርፊት በድንገት ለቀትር ፀሐይ ተጋልጧል። ፀሐይ በሚመታው ጎን ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ወይም ተልጦ እንደሆነ ይመልከቱ። ከላይ ወደ ታች በየአራት ጣቱ በጥፍርዎ እየፋቁ ይውረዱ፤ አረንጓዴ ያገኙበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉና አሁን ምንም አይቁረጡ። በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ቀስ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ አንድ ጆግ ከመርጨት እጅግ ይሻላል፤ ትንሽ ውሃ ከላይ ትቀራለች፣ ሥሩ ጋ አትደርስም። በልግ ሲገባ ምልክት ካደረጉበት በታች ባለው የመጀመሪያ ጥንድ ዐይን ላይ ይቁረጡ። ከግንዱ ባይሆን ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ክረምቱ እስኪወጣ ይታገሱት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። አጥራችን ላይ ያለው የወፍ ቆሎ ቢራቢሮ ይስባል፣ ግን ወደ መንገድ እየወጣ አስቸገረ። ሲቆረጥ ቅጠሉን ለፍየል መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም አይስጡ። የወፍ ቆሎ፣ ማለትም ላንታና፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ቅጠሉ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም። የበላ ፍየል፣ በግ ወይም ከብት መብል ይተዋል፣ ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ፀጉር የሌለበት ቆዳው ፀሐይ ሲነካው ይቆስላል። ይህን ካዩ እንስሳውን ጥላ ውስጥ አስገብተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ልጆችም አረንጓዴውን ፍሬ እንዳይቀምሱ ይጠብቁ።

መግረዙ ቀላል ነው፤ እሱም በአዲስ ቀምበጥ ነው የሚያብበው። በመጋቢት፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ ቁመቱን ሲሶ ያህል አስቀርተው ይቁረጡት። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ድሬ በምትነድበት ወቅት፣ ከባድ ቆረጣ አይሞክሩ። ቅርንጫፉ ስለሚቧጥጥና ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንትና እጀ ሙሉ ይልበሱ። ዋናው ነገር ፍሬው ጠቁሮ ወፍ ሳይወስደው መቁረጥ ነው፤ ላንታና ከአሜሪካ መጥቶ የምሥራቁን ግጦሽ ከወረሩ ተክሎች አንዱ ነውና። የተቆረጠውን ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ አይጣሉት፤ እርጥብ መሬት የነካ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል። ሲሚንቶ ላይ ዘርግተው አድርቀው፣ እንስሳ በማይደርስበት ይቅበሩት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነኝ። ቢራቢሮ እንዲመጣ ብዬ አበባ ተከልኩ፤ አሁን የሎሚዬን ቅጠል የወፍ ኩስ የመሰለ ትል እየበላው ነው። ምን ልርጭ?

መልስ፦ ምንም አይርጩ። ትሉ የዚያው የሚፈልጉት ቢራቢሮ ልጅ ነው። ክንፉ ጥቁር ሆኖ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ትልቁ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ነው፤ አበባው የሚመግበው አዋቂውን ብቻ ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ ወፍ እንዳይበላው ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ጣትዎን ቢያስጠጉት ከአንገቱ ላይ ሹካ የመሰለ፣ የሚሸት ቀንድ ያወጣል፤ ሰው አይጎዳም። ያደገ ሎሚ የተበላበትን ቅጠል ይተካል። ችግኝ ላይ ካገኙት ግን ሊያራቁተው ስለሚችል፣ ትሉን ከነቅጠሉ ቆርጠው ትልቁ ሎሚ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጡት፤ በራሱ ወደ አዲሱ ቅጠል ይሻገራል።