«ደም ቅዳ» በምን ተሰየመ?

ጥያቄ፦ ልጄን ባዮሎጂ ሳስጠናት «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም፣ ደም መልስ ቆሻሻ ደም ይይዛል» አልኳት። እሷም «ታዲያ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ኦክስጅን ያነሰበት ደም ሆኖ ሳለ ሥሩ ለምን ደም ቅዳ ተባለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙ ተሳስቶ ይሆን? (አንድ አባት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ስሙ ትክክል ነው፤ ልጅዎም ትክክል ናት። ደም ቅዳ ደምን ከልብ ተቀብሎ የሚሄድ ሥር ነው፤ ደም መልስ ወደ ልብ የሚመልስ። ስያሜው የጉዞውን አቅጣጫ እንጂ የደሙን ይዘት አይናገርም።

ግሱን እንመርምረው። «ቀዳ» በግእዝ «ቀድሐ» ነው፤ አማርኛ ሐውን ጥሎ አናባቢውን ብቻ ያዘ። በዐረብኛም «ቀደሕ» ዋንጫ ነው። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጠላም በዋንጫ ይቀዳል፤ በሁለቱም ነገሩ ከመነሻው ወደ ተቀባዩ ይሄዳል። «መልስ» የ«መለሰ» ትእዛዝ አንቀጽ ስለሆነ ለ ይጠብቃል፤ አላልቶ የሚያነብ «የደም ምላሽ» ያደርገዋል። ጥንዱ «ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ» ከሚለው አነጋገር ጋር መግጠሙ ለእኔ ትልቅ ውበት ነው።

ደምን «ንጹሕ»ና «ቆሻሻ» ብለው የሚከፍሉ አስተማሪዎች «ለልጅ ይቀላል» ይላሉ። አይቀልም፤ ያሳስታል። ከአንጀት የተመጠጠው ምግብ ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት ወደ ጉበት የሚጓዘው በደም መልስ ነው፤ ይህ ቆሻሻ ነው? ዓሣን ይመልከቱ፦ የጊቤ ዓሣ ልብ አንድ መቀበያና አንድ መርጫ ክፍል ብቻ አለው፤ ከልቡ ወደ ስንጥቡ (ወደ መተንፈሻው) የሚወጣው ደም ሁሉ ኦክስጅን ያነሰበት ነው። በእነርሱ ክፍፍል ከሄድን የዓሣ ልብ አንድም ደም ቅዳ አይኖረውም! በእትብትም ከጽንሱ ልብ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄዱት ሁለቱ ደም ቅዳዎች ኦክስጅን ያነሰበትን ደም ይወስዳሉ፤ ኦክስጅን ይዞ የሚመለሰው አንዱ ደም መልስ ነው።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ከፈለጉ በግ ሲታረድ ልቡን ከነሥሮቹ ያስቀሩላት። የደም ቅዳው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ተቆርጦም አፉ ክብ እንደሆነ ይቆያል፤ የደም መልሱ ስስ ስለሆነ ተጣብቆ ይተኛል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳም አፉን ከፍቶ ታገኘዋለች።

ስለ «ሥር» ባይጠይቁኝም ዝም ብዬ አላልፍም። አንዳንዶች «የደም ቧንቧ» ካልተባለ ይላሉ። በከተማዎ የሚነገረው ኦሮምኛ ግን «ሂዳ» ሲል የዛፍንም የደምንም ሥር ይጠራል፤ የዐረብኛው «ዒርቅ»ም እንዲሁ። ጎረቤታሞቹ ቋንቋዎች የተስማሙበትን ሕያው ቃል ጥለን ቧንቧ የምንለምንበት ምክንያት አይታየኝም። አጻጻፉም በንጉሡ ሠ ነው፤ ጋዜጦች «ስር» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ አንባቢም ለምዶታል።

ሐኪሞች ዛሬ «ደም ወሳጅ»ና «ደም መላሽ» ማለት ያዘወትራሉ። አቅጣጫውን ስለሚጠብቅ ስሕተት ልለው አልችልም፤ ልጅዎም ብትጽፈው ማረም አይገባም። እኔ ግን «ደም ቅዳ»ን አልለቅም።