ስልክ ካለ የአካባቢ ሬዲዮ ለምን? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒክ ክፍል እሠራለሁ። የቦርድ አባላት በቅርቡ ባደረጉት ስብሰባ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ አሁን በቀጥታ ወደ ሰው የእጅ ስልክ ስለሚላክ ለመጠባበቂያ ጄኔሬተርና ለሌሊት ተረኛ የምናወጣው ገንዘብ ይቀነስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ትክክል እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ነገር ግን የሚያሳምን ምክንያት ማቅረብ አልቻልኩም። ማብራሪያ ብትሰጡኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የቦርዱን አባላት እውነት እንቀበል። የስልክ ማስጠንቀቂያ የተኛን ሰው ይቀሰቅሳል፤ ሬዲዮ ያልከፈተውንም ሰው ያገኘዋል። በዚህ ረገድ የእርስዎ ጣቢያ ከስልክ ጋር ሊፎካከር አይችልም፤ መፎካከርም አይጠበቅበትም። የጣቢያው ሥራ የሚጀምረው ስልኩ ከጮኸ በኋላ ነው። በአሜሪካ የእጅ ስልክ ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር አንድ መልእክት ከ90 ፊደላት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ በኋላ ወደ 360 ከፍ ብሏል። በ360 ፊደላት «ከአካባቢው ውጡ» ማለት ይቻላል። የትኛው ድልድይ እንደተዘጋ፣ የትኛው ትምህርት ቤት መጠለያ እንደሆነ፣ የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ለማን መደወል እንዳለበት፣ ውኃው ይጠጣ ወይስ ይፈላ እንደሆነ ለሰዓታት ደጋግሞ መንገርና መልሱ በተለወጠ ቁጥር ማረም ግን በዚያ መጠን አይቻልም። ይህን የሚችለው ሰፈሩን በስም የሚያውቅ፣ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ያለ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ በእርስዎ ሙያ በኩል ስለሚያልፍ በዚህ ላይ ጠበቅ ብለው ቢከራከሩ መልካም ነው። አንድ ከተማ በስልክ የሚሸፈነው በበርካታ ማማዎች ሲሆን እያንዳንዱ ማማ የራሱን ባትሪና የራሱን የመገናኛ መስመር ይፈልጋል፤ የብዙዎቹ ባትሪም ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይቆይም። በተራራ ላይ የቆመ አንድ የሬዲዮ ማሠራጫ ግን አንድ ጄኔሬተርና በቂ ነዳጅ ካለው ያንኑ አካባቢ ለብቻው ይሸፍናል። በተጨማሪም ስልክ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል ይጨናነቃል፤ ሬዲዮ ግን ሺህ ሰው ቢያዳምጠውም ሚሊዮን ሰው ቢያዳምጠውም በማሠራጫው ላይ የሚጨምረው ጫና የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 በስፔንና በፖርቱጋል መላው የኤሌክትሪክ መረብ ሲጠፋ ይህ በግልጽ ታይቷል። የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በብዙ ቦታ ተቋረጠ፤ ሰዎችም በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ፍለጋ ወደ ሱቆች ሄዱ፤ በየመንገዱም አንድ ሬዲዮ ከበው ዜና ያዳምጡ ነበር።

ስለ ሌሊት ተረኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ማይኖት በተባለች ከተማ የደረሰውን ለቦርዱ ቢያስረዱ እመክራለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አሞኒያ የጫነ ባቡር ሐዲድ ስቶ መርዛማው ጋዝ ወደ ከተማይቱ ነፈሰ፤ አንድ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ተጎዱ። ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ለማሠራጨት የተመደበውን የሬዲዮ ጣቢያ በስልክ ማግኘት አልቻለም፤ በከተማይቱ የነበሩት የንግድ ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ኩባንያ የተያዙ ስለነበሩም ጉዳዩ በሀገሪቱ ትልቅ ክርክር አስነሳ። ኩባንያው በበኩሉ በዚያ ሌሊት በጣቢያው ሠራተኛ እንደነበረና ችግሩ የፖሊስ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ በአግባቡ ካለመዘጋጀቱ የመጣ መሆኑን ተከራክሯል። እኔ ከሁለቱ ወገኖች ክርክር የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ አደጋው ከመድረሱ በፊት ሁለቱ ወገኖች መስመሩን በሌሊት አብረው አልፈተሹትም። ስለዚህ ቦርዱ የሌሊት ተረኛን ከማስቀረቱ በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእሳት አደጋ ኃላፊው ወደ ጣቢያው ቢደውል ስልኩን ማን እንደሚያነሣና ያ ሰው በስንት ደቂቃ ውስጥ አየር ላይ ሊወጣ እንደሚችል በጽሑፍ ይመልስ። መልስ ከሌለ ወጪው የሚቀነስ ወጪ አይደለም።

ሆኖም ሸክሙን በጣቢያው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም፤ የመገናኛ ፖሊሲ የሚያወጡ አካላት በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በፈቃዱ ላይ «ጣቢያው በአደጋ ጊዜ ሕዝብን ያገለግላል» የሚል አንቀጽ ጽፎ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ሠራተኛው ደመወዝ ዝም ማለት ግዴታ መጣል እንጂ ፖሊሲ ማውጣት አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ከ70 በላይ በሆኑ የተመረጡ ጣቢያዎች መጠባበቂያ ጄኔሬተርና የመገናኛ መሣሪያ ተክሏል፤ እነዚህ ጣቢያዎች ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ አየር ላይ እንዲቆዩ ታስቦ ነው። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የቆቤን ከተማ ከመታው ርዕደ መሬት በኋላ፣ አደጋ የደረሰበት የአካባቢ አስተዳደር ጊዜያዊ የኤፍ ኤም ጣቢያ እንዲከፍት በስልክ ለቀረበ ጥያቄ ጭምር ፈጣን ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘርግታለች። በ2011 ከሱናሚው በኋላ እንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች ከሃያ በላይ ተከፍተው የመጠለያና የውኃ ማደያ ቦታዎችን፣ የጠፉ ሰዎችንም ስም ያሰሙ ነበር።

ጥያቄ፦ የአንድ የአካባቢ ጣቢያ የዜና አርታዒ ነኝ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ሲልክልን ሳናጣራ ወዲያው ማሠራጨት አለብን? ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ፦ ላኪው በተስማማችሁበት መንገድ ማንነቱ የተረጋገጠ ከሆነ ወዲያው አሠራጩ፤ የማጣራቱ ሥራ ከሥርጭቱ ጎን ለጎን ይሂድ እንጂ አይቅደመው። ለዚህም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሁለተኛ የስልክ መስመር፣ ስሙ የሚታወቅ ተረኛ ኃላፊና አስቀድሞ የተጻፈ የማስተባበያ ቃል ያስፈልጋችኋል። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2018 በሃዋይ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ በስልክና በማሠራጫ ጣቢያዎች ሲተላለፍ፣ ማስተባበያው በዚያው ሥርዓት እስኪወጣ 38 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ እንዲህ ላለው ስሕተት የተዘጋጀ የማረሚያ መልእክት አለመኖሩ ነበር። ተጠያቂነትን በተመለከተ፣ በቅን ልቦና የተረጋገጠ መልእክት ያስተላለፈ ጣቢያ እንዳይቀጣ ሕጉ በግልጽ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ቅጣት የሚፈራ አርታዒ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ሰው ይገድላል።

የሐሰት ማስጠንቀቂያ በጣም ያስፈራል፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን የለዘበና የዘገየ ማስጠንቀቂያ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የሱናሚውን ከፍታ በመጀመሪያ ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ብሎ ገመተ። ግምቱ በኋላ ከፍ ቢደረግም መብራት በመጥፋቱ ብዙ ሰው የተሻሻለውን አልሰማም። ከ2013 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በጣም ኃይለኛ ርዕደ መሬት ሲደርስ በቁጥር ፋንታ ሱናሚው «ግዙፍ» ነው ብሎ ይጀምራል። የሀገሪቱ የሕዝብ ማሠራጫ ኤን ኤች ኬም ረጋ ያለውን የዜና አነባበብ በአስቸኳይ ትእዛዝ ቃና ተክቶታል፤ በጥር 1 ቀን 2024 የኖቶ ርዕደ መሬት ሲደርስ አንባቢዋ «አሁኑኑ ሽሹ» እያለች በከፍተኛ ድምፅ ስትናገር ተሰምታለች። በጣቢያዎ የሚነበበውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ዛሬ አውጥተው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ «ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ይመከራል» የሚል ከሆነ፣ የትኛው ሰፈር በየትኛው መንገድ ወደ የት እንደሚሄድ በሚናገር ዓረፍተ ነገር ይተኩት።

መሥሪያ ቤቱ ዝም ሲልስ? በስፔን ቫሌንሲያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2024 የስልክ ማስጠንቀቂያው የተላከው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሲሆን በዚያን ጊዜ በርካታ ከተሞች አስቀድመው በጎርፍ ተውጠው ነበር፤ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጣቢያዎ በመሥሪያ ቤቱ ስም ማስጠንቀቂያ ማውጣት አይችልም። ነገር ግን ዘጋቢዎ በዓይኑ ያየውን፣ የትኛው ወንዝ በስንት ሰዓት ከዳርቻው እንደወጣ፣ ምንጩንና ሰዓቱን ጠቅሶ መናገር የጋዜጠኝነት ሥራው ነው፤ ለዚህም ከማንም ፈቃድ መጠበቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ አንዳንድ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የኤ ኤም ሬዲዮ የላቸውም። መንግሥት ማስገደድ አለበት?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር የኤ ኤም ሞገድን እንደሚረብሽ እውነት ነው፤ ተገቢ መከላከያ ከተገጠመ ግን ረብሻው ይቀንሳል። ፎርድ ኤ ኤምን ከአዳዲስ መኪናዎቹ ለማስወጣት የያዘውን ዕቅድ በ2023 ሰርዟል፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኮንግረስ ኤ ኤም በእያንዳንዱ አዲስ መኪና እንዲኖር የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 አገር አቀፍ ሥርጭቶቿን ከኤፍ ኤም ወደ ዲጂታል ስታዛውር እንኳ ትናንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች በኤፍ ኤም እንዲቀጥሉ ፈቅዳለች። በእኔ እምነት፣ መብራትና ስልክ በጠፉበት ሁኔታ ተፈትኖ ያለፈ ተተኪ እስኪገኝ ድረስ ማስገደዱ ተገቢ ነው፤ ከቤቱ የሸሸ ቤተሰብ በእጁ የሚቀረው ሬዲዮ ብዙ ጊዜ የመኪናው ሬዲዮ ነውና።