ቲማቲም በመሀል ከተማ ጓሮ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጓሮ አትክልት ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ቲማቲም የሚጠየቀውን ያህል የሚበዛ የለም። በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሁሉ ከመሀል አዲስ አበባ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቻችን የሚጽፉልን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማዳበሪያና ስለ መድኃኒት ሲሆን፣ እኛ ግን መልሳችንን ደጋግመን ወደ ሌሊት ቅዝቃዜና ወደ ውሃ አጠጣጥ ስለምናዞረው፣ የአዲስ ማዳበሪያ ስም ለመስማት የጠበቀ አንባቢ ቅር እንዳይሰኝብን አስቀድመን እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ በመስከረም መጨረሻ የተከልኳቸው የቲማቲም ችግኞች ከአጥሩ በላይ አድገዋል፤ ቅጠላቸውም ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነው። በኅዳር ብዙ አበባ አወጡ፤ ነገር ግን አበባው ከነአንገቱ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይዝም። የዶሮ ኩስ ሁለት ጊዜ ጨምሬላቸዋለሁ። ሌላ ምን ዓይነት ማዳበሪያ ልስጣቸው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ምንም አይጨምሩ፤ እንዲያውም የዶሮ ኩሱን ያቁሙ። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅን የበዛበት ስለሆነ ተክሉ ፍሬውን ትቶ ቅጠልና ግንድ እንዲያበዛ ይገፋፋዋል፤ የጻፉልን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠልም ተክሉ ከሚያስፈልገው በላይ መመገቡን ያሳያል። ይሁን እንጂ አበባው የሚረግፍበት ዋናው ምክንያት ማዳበሪያው ሳይሆን ወሩ ነው።

ቲማቲም መነሻው ምዕራባዊው ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ ሞቅ ያለ ሌሊት የሚወድ ተክል ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ በሚገባ ስለማይዳብር፣ አበባው ሳይዳቀል ጥቂት ቀናት ይቆይና ይወድቃል። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ብራ ቢሆንም ሌሊቱ በአማካይ ከ10 ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል። ቀን ቀን የምናየው ፀሐይ ያታልለናል፤ ቲማቲሙ ግን ሒሳቡን የሚያወራርደው ከሌሊቱ ጋር ነው። ወደ ገበያችን የሚገባው ቲማቲም በብዛት ከመቂና ከባቱ አካባቢ መምጣቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እነዚያ አካባቢዎች በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከእኛ ወደ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ስለሚገኙ ሌሊታቸው ከእኛ ይልቅ ለአበባው ይመቻል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ቲማቲም የሚተክል ሰው ከማዳበሪያው በፊት የወሩን ነገር ማስላት አለበት። እኛ የምንመርጠው ዘሩን በታኅሣሥ አጋማሽ በቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አፍልቶ፣ ችግኙ አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ ጓሮ ማዛወርን ነው። በዚህ ስሌት አበባው የሚወጣው ሌሊቱ መለስ በሚልባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሆን፣ ፍሬውም የሰኔ ዝናብ ከመክበዱ በፊት አብዛኛው ይለቀማል። የዚህ መንገድ ጉዳቱ በየካቲትና በመጋቢት ውሃ በእጅ ማጠጣት ግድ መሆኑ ነው፤ የበልግ ዝናብ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ በሐምሌ መጨረሻ በመጠለያ ሥር ዘርቶ፣ መስከረም እንደጠባ ማዛወርና አበባው ከኅዳር ቅዝቃዜ በፊት ፍሬ እንዲይዝ መሽቀዳደም ነው። የእርስዎ ችግኞች የዘገዩት በዚህኛው ነው።

ቦታውም የወሩን ያህል ይወስናል። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ የተተከለ ቲማቲም ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ፍሬ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የቆርቆሮ አጥር ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ስለሚቀዘቅዝ እንደ ግድግዳ አይታሰብ። ማታ ማታ ተክሉን በላስቲክ መሸፈንም ይረዳል፤ ጠዋት መግፈፉ ከተረሳ ግን እርጥበቱ ታምቆ በሽታ ይጠራል።

አሁን ያሉትን ተክሎች አይንቀሏቸው። ጫፋቸውን በጣትዎ ቀንጥሰው ዕድገታቸውን ይግቱ፣ በቅጠሉና በግንዱ መካከል የሚወጡትን የጎን ቀንበጦች ይልቀሙ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ አበባ የያዘውን ዘለላ በቀስታ ያርገፍግፉት። የቲማቲም አበባ ወንዴና ሴቴው በአንድ ላይ ያለ በመሆኑ ይህ ትንሽ ንዝረት ለመዳቀል ይበቃዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ፍሬያቸው ትንንሽ የሆኑትን፣ በተለምዶ ቼሪ ቲማቲም የሚባሉትን ዝርያዎች ይሞክሩ፤ ከትልልቆቹ ይልቅ በቅዝቃዜ ፍሬ መያዝ ይሆንላቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን በረንዳዬ ወደ ሰሜን ይመለከታል። በሃያ ሊትር የቀለም ባልዲ ቲማቲም ማብቀል እችላለሁ? (ከልደታ)

መልስ፦ ባልዲው ይበቃል፤ በረንዳው ግን አይበቃም። ቲማቲም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ፣ በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ስለምትሄድ የሰሜን በረንዳ በጥላ ሥር ይውላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ነገር ግን ያኔ ከአናት በላይ ስለምትሆን የላይኛው ፎቅ ወለል ይጋርድዎታል፣ ከሰኔ ወዲያ ደግሞ ደመናው አለ። በዚህ በረንዳ ላይ ሰላጣና ቆስጣ ቢዘሩ ደስ ብሎዎት ይበላሉ።

ከጎረቤቶችዎ ጋር ተስማምተው በሕንፃው ግቢ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ካገኙ ግን ባልዲውን ወደዚያ ያውርዱት። ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት፤ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት፤ በአንድ ባልዲ ከአንድ ተክል በላይ አይትከሉ። ሲያዛውሩ ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ይቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ውሃ የጠጣ ሃያ ሊትር አፈር ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ምንጊዜም ቢሆን በበረንዳ ብረት ላይ አይንጠልጠል። ከታች ልብስ ያሰጣ ጎረቤትም አለ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ ቲማቲሜ ፍሬው ሲያምር ቆይቶ ከታች በኩል እየጠቆረ ይሰረጉዳል። ጎረቤቶቼ ዓይን ገብቶበት ነው ይሉኛል። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ብጨምርም አልተሻለውም። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በመጣ ቀን አጠግበዋለሁ፤ በሌላው ቀን የለኝም። (ከጎላ ሚካኤል አካባቢ)

መልስ፦ እናታችን፣ ምክንያቱን በመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ራስዎ ጽፈውልናል። ይህ ጥቁረት ከተባይም ከተላላፊ በሽታም የሚመጣ ሳይሆን፣ ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚከሰት ጉዳት ነው። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃው ጋር ብቻ ነው፤ አፈሩ አንድ ቀን ረስርሶ ሦስት ቀን ሲደርቅ ጉዞው ይቋረጣል፣ ከሁሉም ርቆ የሚገኘው የፍሬው ግርጌም ይራባል። በአብዛኛው የከተማችን አፈር ካልሲየም አይጠፋም፤ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ለመብላላት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። ወደፊት ለአፈሩ አይጎዳምና መጨመርዎን ግን አይተዉ። ፍሬያቸው ሞላላ የሆኑት፣ እንደ ሮማ ያሉት ዝርያዎች፣ ከክቦቹ ይበልጥ በዚህ ይጠቃሉ።

መድኃኒቱ ውሃውን ማብዛት ሳይሆን ማካፈል ነው። ውሃ በመጣ ቀን በጀሪካን ወይም በሮቶ ያጠራቅሙና፣ በባልዲ ላለ ተክል በፀሐይ ቀን አንድ ወይም ሁለት ሊትር በየዕለቱ፣ መሬት ላይ ላለው ደግሞ አራት ወይም አምስት ሊትር በየሁለት ቀኑ፣ ጠዋት፣ ከሥሩ ያጠጡት። ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃም ያገለግላል፤ ጨው፣ ዘይት ወይም ኦሞ የነካው አይሆንም። ከዚያም የአፈሩን ፊት አራት ጣት በሚያህል የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ያልብሱት። ለቡና የጎዘጎዙት ቄጤማ ሲጠወልግ ከመጣል ወደ ቲማቲሙ ሥር ቢሄድ እጅግ ጥሩ ልባስ ነው፤ አፈሩ ሳይደርቅ ይቆያል፤ ውሃ ሲያጠጡም ጭቃ ወደ ቅጠሉ አይረጭም። አሁን የጠቆሩትን ፍሬዎች ይልቀሟቸው፤ ጤናማውን ጎን ቆርጠው ለወጥ ቢያደርጉት ጉዳት የለውም። ውሃው ከተስተካከለ የሚቀጥሉት ፍሬዎች ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ፤ የጎረቤቶችዎም ዓይን ነጻ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከድንች መደቤ አጠገብ የተከልኩት ቲማቲም በሐምሌ ቅጠሉ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ቡናማ ቁስል ወጣበት፤ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ታየ፤ በሳምንት ውስጥ ሁሉም እሳት የነካው መሰለ። ምን ልርጭበት? (ከቂርቆስ)

መልስ፦ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ድንቹን አጥፍቶ ታላቁን ረሀብ ያስከተለው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ ቲማቲምና ድንች የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜና ሳይደርቅ የሚቆይ ቅጠል ይመቸዋል፤ ይህ እንግዲህ የአዲስ አበባ ክረምት ራሱ ነው። ዘሩ በነፋስና በዝናብ ጠብታ ስለሚጓዝ አጥር አያግደውም።

ተክሉ ከተቃጠለ በኋላ የሚያድነው ርጭት የለም። እንደ ማንኮዜብ ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት በሽታው ከመግባቱ በፊት ቅጠሉን በመሸፈን ብቻ ነው፤ የሚጠቀሙም ከሆነ መግለጫ ያለበትን እሽግ ከታወቀ መደብር ገዝተው፣ ከርጭቱ እስከ ለቀማው መቆየት ያለበትን ቀን መጠበቅ ግዴታዎ ነው። በላስቲክ ተቋጥሮ ያለ ስም የሚሸጥ ዱቄት ልጆች ወደሚጫወቱበት ጓሮ መግባት የለበትም። የታመመውን ነቅለው ከግቢ ያስወጡ፤ በመሬት ውስጥ የቀሩ የድንች ፍሬዎችን ለቅመው ያውጡ፤ በጓሮው ዳር የሚበቅለውን አውጥም ይንቀሉት፣ እሱም ዘመዳቸው ነውና። ቲማቲምንና ድንችን ዳግመኛ ጎን ለጎን አያድርጉ፤ በዚያው መደብም ሁለት ሦስት ዓመት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ አይትከሉበት። በክረምት ያለ ላስቲክ ጣሪያ ቲማቲም መትከል፣ በእኛ አስተያየት፣ ችግኝ ማባከን ነው፤ መደቡን ለጎመን ይተዉት።

ጥያቄ፦ በቅጠሎቹ ውስጥ ነጭ፣ እንደ መስኮት የሚያሳይ ጠባሳ አለ፤ በፍሬው ላይም የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብስ አየሁ። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ይህ ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የትንሽ እሳት ራት ትል ሥራ ይመስላል። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በአገራችን መገኘቷ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ስለምትኖር ከላይ የሚረጭ ነገር በቀላሉ አያገኛትም። በጥቂት ተክሎች ላይ ከሁሉም የሚበልጠው እጅ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ጠባሳ ያለበትን ቅጠልና የተበሳውን ፍሬ ለቅመው በላስቲክ አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩትና ይጣሉት። መሬት ላይ አይጣሉት፤ ትሏ አፈር ውስጥ ገብታ እሳት ራት ሆና ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ ከገበያ ከገዛሁት ቲማቲም ዘር ማውጣት ይቻላል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሆኖም ከገበያው ቲማቲም ብዙው ከድቅል ዝርያ የሚገኝ ስለሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። እንደ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ያሉት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎች ድቅል ስላልሆኑ ዘራቸው ከዓመት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በደንብ የበሰለውን ፍሬ ዘር ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያብላሉት፣ ከዚያ አጥበው በሰሐን ላይ በጥላ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ ፍሬው ትልቅ ሆኖ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ቅጠሉን አራግፌ ፀሐይ ላሳየው? (ከአራት ኪሎ፣ ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ አያራግፉ። ፍሬውን የሚያቀላው ሙቀት እንጂ ብርሃን አይደለም፤ ቀዩ ቀለም በደንብ የሚሠራው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የተራቆተ ፍሬም በቀትር ፀሐይ ይቃጠላል። ግርጌው ሮዝ ወይም ቢጫ ፍንጭ ሲያሳይ ለቅመው፣ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወጥ ቤት ያስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ምንም ቀለም ያልጀመረውን ጠንካራ ፍሬ ግን ለሌላ ሳምንት በተክሉ ላይ ይተዉት፤ ከተለቀመም በኋላ እስኪቀላ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት።