ባለ ሁለት ሌንሱ የድሮ ፋኖስ

ወንድሜ፣ «ሁለቱ ሌንሶች አንዱ ባንዱ ላይ ለምን ተደረጉ? ላብራውስ ወይ?» ላልከው፤ ከፎቶው እንደሚታየው ያገኘኸው ባለ ሁለት ሌንስ ማጂክ ላንተርን ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (በ19ኛው መቶ ዓመት) እንግሊዝ አገር ሥዕልን በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚያሳዩበት ዕቃ። የአንዱ ሌንስ ሥዕል ቀስ እያለ ሲደበዝዝ የሌላው እየደመቀ ይመጣል። አረንጓዴው መንደር ዓይንህ እያየ በረዶ ይለብሳል! የለንደኑ የሳይንስ ማሳያ ተቋም ሮያል ፖሊቴክኒክ በዚህ ትርኢት ስሙ የገነነ ነበር።

አሠራሩን በደንብ እየው። ውጩ ማሆጋኒ እንጨት፣ ውስጡ ቆርቆሮ። በመሃላቸው ክፍተት ካየህ እንጨቱን ከሙቀት ለማዳን የተተወ ነው። ብርሃኑ የሚገኘው በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ከጋለ የኖራ ቁራጭ ስለነበር ግለቱ ቀላል አልነበረም። የናሱን ቁልፍ ቀስ አድርገህ አዙረው፤ ሌንሱ ሳይንገጫገጭ ወደፊት ከሄደ የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው።

ጋዙን ግን በፍጹም እንዳትሞክር፣ ይፈነዳል። ብዙ የማይግል የኤልኢዲ አምፖል ይበቃሃል። ናሱንም በፖሊሽ አትፈትገው፤ የድሮው ቅብ ይላጣል። በፋኖሱ የሚታዩትን የመስታወት ሥዕሎች ደግሞ ቀለም በተቀባው በኩል በጨርቅ አትንካ። በእጅ የተሳለ ከሆነ አንዴ ከለቀቀ አለቀ።