መነፅሬን ሳወልቅ ነው የሚነበብልኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። 43 ዓመቴ ነው፣ ከሃይስኩል ጀምሮ ማይናስ 2 መነፅር አደርጋለሁ፣ ያለሱ ሩቅ አይታየኝም። አሁን የገረመኝ ነገር ስልኬ ላይ ሜሴጅ ሳነብ መነፅሩን ካላወለቅኩት ይደበዝዝብኛል፣ ሳወልቀው ጥርት ይላል። መስሪያ ቤት ያሉ ልጆች "ዓይንሽን መነፅር አስለምደሽው ነው የሰነፈው" ይሉኛል። ዓይኔ እየተሻለው ነው ወይስ እየባሰበት? ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሲሊንደር የሚለው ምንድነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሻለውምም አልባሰበትምም፣ በቃ 40 አለፈሽ (አትቀየሚኝ፣ እኔም ካለፍኩት ቆየሁ)።

መጀመሪያ ማይናስ 2 ምን እንደሆነ እንይ፣ ብዙ ሰው ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት አይቶት ጨመረ ሲባል ይደነግጣል፣ ቁጥሩ ግን የሚናገረው ርቀት ነው። 1 ሜትርን ለ2 አካፍይው፣ ግማሽ ሜትር። ያንቺ ዓይን ያለ መነፅር ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 50 ሳንቲም ድረስ ነው፣ ከዛ ወዲያ ይደበዝዛል። ማይናስ 4 የሆነ ሰው 25 ሳንቲም ላይ ያበቃለታል፣ ማይናስ ግማሽ ደግሞ እስከ 2 ሜትር ይሄድለታል። ካላመንሽኝ መነፅርሽን አውልቂና መፅሐፍ ይዘሽ ቀስ እያልሽ አርቂው፣ የፊደሉ ጠርዝ መሟሟት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስትደርሺ በሜትር ለኪው።

ይሄ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ኳስ ትንሽ ረዘም ስለሚል ነው፣ ከሩቅ የመጣው ብርሃን ሬቲናው (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ጋ ሳይደርስ ቀድሞ ይገናኛል። ማይናስ ሌንስ መሃሉ ቀጭን ጠርዙ ወፈር ያለ ነው፣ ብርሃኑን ትንሽ በተን አድርጎ መገናኛውን ወደ ኋላ ይገፋልሻል። የዓይኑ ኳስ አጠር ያለበት ሰው ተቃራኒው ነው፣ ፕላስ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ከብሌንሽ ኋላ ያለችው የተፈጥሮ ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ናት፣ ቅርብ ስናይ ጎበጥ ብላ ጉልበት ትጨምራለች፣ ዕድሜ ሲሄድ ግን ትጠጥራለች፣ 40ዎቹ ላይ ደግሞ መታጠፉ ያስቸግራታል። መነፅርሽ ዓይንሽን ለሩቅ ስላስተካከለው ስልክ ስታዪ ይቺ ሌንስ የግድ መጎበጥ አለባት፣ እሷ ደግሞ ደክሟታል። ስታወልቂው ግን ስልኩ ያው ያንቺ 50 ሳንቲም ውስጥ ስለሆነ ሌንሷ ብዙ ሳትለፋ ይነበብልሻል። ልጆቹ የሚሉሽን ተያቸው፣ በዕድሜው መነፅር ነክቶ የማያውቅ ሰውም እዛው ይደርሳል፣ እሱ እንደውም ስልኩን እጁ እስኪያልቅበት ነው የሚያርቀው። አውልቀሽ ማንበብ ምንም አይጎዳሽም፣ ማውለቅ ማድረጉ ከሰለቸሽ ላዩ ለሩቅ ታቹ ለንባብ የሆነ ባይፎካል ወይም መስመሩ የማይታየው ፕሮግረሲቭ አለ። ፕሮግረሲቭ መጀመሪያ ደረጃ ስትወርጂ ወለሉን ያወዛውዝብሻል፣ ቶሎ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትመልሺው።

ሲሊንደሩ አስቲግማቲዝም ነው። ኮርንያሽ (የዓይንሽ ፊት ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) እንደ ኳስ እኩል ክብ ሳይሆን እንደ ማንኪያ ጀርባ በአንድ በኩል ይበልጥ ጎብጧል ማለት ነው፣ ማታ የመኪና መብራት ጭረት ጭረት የሚልብሽ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለው አክሲስ፣ ከ1 እስከ 180 የሚሄደው፣ የሌንሱን አቅጣጫ ነው የሚናገረው እንጂ የችግሩን መጠን አይደለም፣ ስለዚህ 170 ስታዪ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ አምና ማይናስ 1.50 ነበር ዘንድሮ 2.25 ሆነ። እንዳይጨምር አሮጌው ላይ ባቆየውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደዛ እንዳታደርግ። የሚጨምረው ልጁ ሲያድግ የዓይኑ ኳስም ስለሚረዝም ነው፣ አነስ ያለ መነፅር ይሄን አያቆመውም፣ ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ ነው የሚከለክለው። ፍጥነቱን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ፣ ዝቅተኛ መጠን ያለው አትሮፒን ጠብታና ለዚሁ የተሰሩ ሌንሶች፣ እነሱን ሐኪሙን ጠይቀው። በቀን 2 ሰዓት ያህል ውጪ በቀን ብርሃን መጫወት ደግሞ ገና ላልጀመራቸው ልጆች ይጠቅማል፣ ታናናሽ ካሉት ከስልኩ አንስተህ አስወጣቸው። እግረ መንገድህን አንድ ዓይናቸውን በእጅህ እየሸፈንክ ሩቅ ያለ ነገር አስነብባቸው፣ ምክንያቱም አንዱ ዓይን ደካማ ሆኖ ሌላው ሲሸፍንለት ልጁ ራሱም አያውቅም፣ አእምሮው ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፣ ይሄ ደግሞ ገና በልጅነት ካልተያዘ በኋላ መነፅር ቢደረግበትም ማስተካከሉ ይከብዳል።